ስማቸው አንድ፣ ሚዛናቸው ሁለት፦ የአሮጌ ቤዝ ጊታር ገበያና የአምባሰል ቅኝት

“አሮጌ ፌንደር ተገኘ” የሚል ወሬ ከደላላ ጆሮ ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ “ስንት ይላል?” ነው። መቅደም የነበረበት ጥያቄ ግን “የትኛው ፌንደር?” የሚለው ነበር። በአንድ ስምና በአንድ አርማ የሚሸጡ፣ ከሩቅ ሲያዩዋቸውም መንታ የሚመስሉ ሁለት የቤዝ ጊታር ዘሮች አሉ። አንዱ ፕሪሲሽን፣ ሌላው ጃዝ ይባላል። በሁለቱ መካከል፣ እንዲያውም በአንዱ ዘር ውስጥ በተለያዩ ዓመታት በተሠሩት መካከል ያለው የዋጋ ርቀት አነስተኛ ነጋዴን ከገበያ ለማስወጣት የሚበቃ ነው።

ለመሆኑ ይህ ጉዳይ የእህል፣ የብረትና የቤት ዋጋ ለሚከታተል ሰው ምኑ ነው? መልሱ ሁለት ነው። በአንድ በኩል፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ብሩን በዶላር ዋጋ በሚተመን ዕቃ ላይ ማሳረፍ የሚሻ ሰው በዝቷል፤ አሮጌ የሙዚቃ መሣሪያም “ቢቀመጥ የማይበላሽ ሀብት” እየተባለ ይወደሳል። በሌላ በኩል ደግሞ መሣሪያውን እንጀራው አድርጎ የሚገዛ ሠራተኛ አለ። ሁለቱ ገዢዎች አንድ መደብር ይገባሉ፣ አንድ ስም ይጠራሉ፣ የሚፈልጉት ግን የተለያየ ዕቃ ነው። ኪሳራው የሚጀምረው ሻጩም ደላላውም ይህንን ሳይለዩ ሲቀሩ ነው።

ሚዛኑን ለማየት አምባሰልን ያህል የሚመች ስፍራ የለም።

ከአምባሰል የሚነሳ ጥያቄ

ከደሴ ተነስቶ ወደ ወልዲያ የሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ሐይቅ ከተማን ያገኛል። የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ ናት፤ ስሟንም ያገኘችው ከጎኗ ከተኛው ሐይቅ ነው። ጎዳናው ወደ ሰሜን ሲቀጥል አምባሰል ወረዳ ይገባል፤ ዋና ከተማውም ውጫሌ ነው። አምባሰል የሚለው ስም ለነጋዴ እንግዳ አይደለም። የንግድ ድርጅት ተሰይሞበታል፤ በካሴት ዘመን በርካታ ሥራዎችን ያሳተመ ሙዚቃ ቤትም ተጠርቶበታል። ከሁሉ በላይ ግን ከአራቱ የኢትዮጵያ ቅኝቶች የአንዱ መጠሪያ ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬ፣ አምባሰል። በወሎው ላሊበላ ኪነት የታወቀችው ማሪቱ ለገሰ ይህንን ቅኝት ከአገር ውጭ ሳይቀር ያሰማች ድምፃዊት ናት።

ቅኝቱ በቤዝ ጊታር ገበያ ላይ የሚያነሳው ጥያቄ ቀላል አይደለም። አምባሰልን ከሲ ቢጀምሩት አምስቱ ድምፆች ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኤ ፍላት ናቸው። ትዝታ ማይነርን ከኤፍ ቢጀምሩት ደግሞ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ እና ዲ ፍላት ይሆናል። አንባቢ ሁለቱን ዝርዝሮች ያስተያይ፤ አምስቱም ድምፆች አንድ ናቸው። ልዩነቱ ዜማው ቤቴ ብሎ የሚያርፍበት ድምፅ ብቻ ነው። አንዱ በሲ ያርፋል፣ ሌላው በኤፍ።

በክራር ወይም በማሲንቆ ብቻ ሲዘፈን ማረፊያውን ዜማው ራሱ ይናገራል። በዘመናዊ ባንድ ውስጥ ግን ወለሉን የሚያነጥፈው ቤዝ ጊታር ነው። ቤዙ ሲን ይዞ ከቆየ አድማጩ አምባሰልን ይሰማል፤ ወደ ኤፍ ካዘነበለ ያው ዜማ ወደ ትዝታ ያጋድላል። የአምባሰል የመጀመሪያዎቹ ሁለት ድምፆች፣ ሲና ዲ ፍላት፣ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ጎረቤታሞች ናቸው። በቤዝ ጊታር ሁለተኛው ወፍራም ክር ላይ ሦስተኛውና አራተኛው ፍሬት ላይ ይገኛሉ፤ የመጀመሪያው በሰከንድ 65 ጊዜ፣ ሁለተኛው 69 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ልዩነቱ አራት ብቻ ነው። መሣሪያው ድምፁን ካድበሰበሰ፣ ወይም አንገቱ ተጣሞ ፍሬቱ ከሳተ፣ አምባሰል አምባሰልነቱን ያጣል።

እንግዲህ ከሐይቅ ወይም ከውጫሌ ተነስቶ በጥርና በሚያዝያ ሰርግ የሚዞር ባንድ የሚፈልገው ይህንን አራት ርግብግብታ የሚለይ፣ በየጊዜው ጥገና የማይጠይቅና በጄኔሬተር መብራት የማያጉረመርም መሣሪያ ነው። በዚህ ሚዛን ሁለቱ ዘሮች ሲታዩ ውጤቱ ከዓለም ገበያው የዋጋ ሰንጠረዥ ጋር አይገጥምም።

ሁለቱ ወንድማማቾች

ፕሪሲሽን ቤዝ በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ በሊዮ ፌንደር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1951 ለገበያ ቀረበ። ከዚያ በፊት የነበረው ቤዝ ቆመው የሚጫወቱት፣ ቁመቱ ሰው የሚያህል፣ ፍሬት የሌለው የእንጨት መሣሪያ ነበር። ፌንደር ፍሬት በማስገባቱ ተጫዋቹ ጣቱን ባሳረፈበት ድምፁ ሳያዛንፍ ይወጣለታል፤ “ፕሪሲሽን” የሚለው ስምም ከዚሁ ትክክለኛነት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 መሣሪያው ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ ያዘ። ድምፅ ተቀባዩ ማግኔት፣ ማለትም ፒክአፑ፣ ለሁለት ተከፍሎ አንደኛው ግማሽ ከሌላው ጋር ተቃራኒ ሆኖ ተጠመጠመ፤ በዚህም ከኤሌክትሪክ የሚመጣው ጉርምርምታ እርስ በርሱ እንዲጠፋፋ ተደረገ። መቆጣጠሪያው ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው፤ አንዱ ለድምፅ መጠን፣ አንዱ ለቅላጼ።

ጃዝ ቤዝ እ.ኤ.አ. በ1960 ተከተለ። ሲወጣ ከፕሪሲሽኑ በላይ እንዲቀመጥ የታሰበ፣ ዋጋውም ላቅ ያለ ሞዴል ነበር። ወገቡ ሸርተት ያለ ነው። አንገቱ በራሱ በኩል 38 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የፕሪሲሽኑ በዚያ ዘመን 44 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። ፒክአፑ ሁለት ነው፤ ሁለቱ እኩል ሲከፈቱ ጉርምርምታው ይጠፋል፣ አንዱን ለብቻው ሲከፍቱት ግን ተመልሶ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ ጃዞች አንዱ በሌላው ላይ የተደረበ ጥንድ ቁልፍ ነበራቸው፤ ከ1962 ገደማ ጀምሮ በሦስት ተራ ቁልፎች ተተካ። በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው ጣራ የነካው ይኸው ባለ ድርብ ቁልፍ ሲሆን፣ ሁሉ ነገሩ የጥንቱ ከሆነ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል።

ሌላው ሁሉ አንድ ነው ማለት ይቻላል። የሚርገበገበው የክር ርዝመት በሁለቱም 34 ኢንች ነው፤ ክሩ አራት፣ ፍሬቱ ሃያ፣ አንገቱ ከገላው ጋር የሚያያዘው በብሎን ነው። የአንዱን አንገት ፈትቶ በሌላው ገላ ላይ ማሰር ይቻላል። ለጥገና ባለሙያ ይህ በረከት ነው፤ ለገዢ ግን የመጀመሪያው ወጥመድ ነው። የጃዝ አንገት የታሰረበት የፕሪሲሽን ገላ ጥሩ መሣሪያ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን ፕሪሲሽንም ጃዝም ተብሎ በሙሉ ዋጋ ሊሸጥ አይገባም።

በዓለም የሙዚቃ ታሪክ ሁለቱም ዘሮች ባለ ታሪክ ናቸው። የዲትሮይቱ ጄምስ ጃመርሰን የሞታውንን ዘፈኖች የተጫወተው በፕሪሲሽን ነው፤ ጃኮ ፓስቶሪየስ ደግሞ ጃዝን የራሱ አድርጎታል። ጃኮ የሚታወቅበት እ.ኤ.አ. የ1962 ሥራ ጃዝ ፍሬቶቹ ተነቅለውለታል። ሰብሳቢ ይህንን ሲሰማ “ንብረት ጠፋ” ይላል፤ ተጫዋች ግን “መሣሪያ ተሠራ” ይላል። በዚህ ገበያ ላይ ያለው ክርክር ሁሉ በእነዚህ ሁለት አባባሎች ውስጥ ይጠቃለላል።

ዓመቱ ነው ዋጋው

ሊዮ ፌንደር ድርጅቱን በ13 ሚሊዮን ዶላር ለሲቢኤስ የሸጠው እ.ኤ.አ. በጥር 1965 ነው። ሲቢኤስ እስከ 1985 ድረስ ይዞት ቆይቶ ለድርጅቱ ኃላፊዎች መልሶ ሸጠው። የዓለም ሰብሳቢ ገበያ በዚህ ሽያጭ ላይ መስመር አስምሯል፤ ከዚያ በፊት የተሠራው ውድ፣ ከዚያ በኋላ የተሠራው ረከስ ያለ ነው። አንዳንድ ነጋዴዎች ይህንን መስመር እንደ ሃይማኖት ይዘውታል። እውነቱ ግን በአንድ ሌሊት የተለወጠ እንጨት አለመኖሩ ነው። የተለወጠው ቀስ በቀስ ነው፤ በ1966 የጃዙ አንገት በነጭ ጠርዝ ተከበበ፣ ክብ ምልክቶቹም በአራት ማዕዘን ተተኩ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ቀለሙ ወደ ወፍራም ፖሊስተር ተዛወረ፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ የጃዙ አንገት ከአራት ብሎን ወደ ሦስት ወረደ፣ ፕሪሲሽኑ ግን በአራቱ ጸና።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለወሎ ባንድ ቁም ነገር አለው። ባለ ሦስት ብሎን አንገት በደንብ ካልተገጠመ ወደ ጎን ሊንሸራተት ስለሚችል በተጫዋቾች ዘንድ ስሙ አልቀናም። በመኪና ጣራ ላይ ተጭኖ ዳገትና ቁልቁለት ለሚመላለስ መሣሪያ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለእውነት ሲባል ግን ይኸው ሞዴል አንድ ጥቅም አለው። በቀደሙት ፌንደሮች አንገት ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ ለማጥበቅ አንገቱን መፍታት ያስፈልግ ነበር፤ በዚህኛው ግን ማጥበቂያው ራሱ ላይ ወጥቶ ይገኛል። ክረምት ከበጋ እየተለዋወጠ እንጨት በሚያናጋበት አገር፣ አንገት ሳይፈቱ ማስተካከል መቻል የቀን ሥራ ያተርፋል።

ዓመቱን ለማወቅ ሻጩን መጠየቅ ብቻ አይበቃም። ቁጥሩ እስከ 1976 ድረስ አንገቱ በታሰረበት ብረት ላይ ታትሟል፤ ከዚያ ወዲህ ራሱ ላይ ነው። ብረቱ በአራት ብሎን የሚፈታ ስለሆነ በራሱ ማስረጃ አይሆንም። የተሻለው የአንገቱ ተረከዝ ላይ በእርሳስ ወይም በማኅተም የተጻፈው ቀን ነው። ሌላው ከመቆጣጠሪያ ቁልፎቹ ሥር ያሉት ዕቃዎች ጀርባ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው። ለምሳሌ 1376633 የሚል ቢገኝ 137 የአምራቹ መለያ፣ 66 ዓመቱ፣ 33 ሳምንቱ ነው። ይሁንና እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፌንደር በ1966 ይህንን ዕቃ በብዛት ገዝቶ አከማችቶ ስለነበር በቀጣዮቹ ዓመታት በተሠሩ ጊታሮችም ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ቁጥሩ “ከዚህ በፊት አልተሠራም” ይላል እንጂ “በዚህ ዓመት ተሠራ” አይልም። ይህንን ልዩነት የማያውቅ ገዢ የ1969ኙን በ1966 ዋጋ ሊገዛ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ዋጋ የሚሰብረው ቀለም ነው። እንደገና የተቀባ አሮጌ ፌንደር የዋጋውን ግማሽ ያህል እንደሚያጣ በዓለም ነጋዴዎች ዘንድ የቆየ የእጅ ሚዛን ነው። “ወልውዬ፣ ቀብቼ፣ አሳምሬ ልሽጠው” የሚል ባለ መደብር በገዛ እጁ ሀብቱን ይፍቃል።

የውጫሌ ትምህርት

መንታ የሚመስሉ ነገሮች ምን ያህል ሊለያዩ እንደሚችሉ የአምባሰል ምድር ከማንም ቀድሞ ያውቃል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል ሁለት ቅጂ ነበረው፤ አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው በጣልያንኛ። ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው። አንቀጽ 17 ላይ ግን የአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣልያን መንግሥት ሊረዱ “ይቻላቸዋል” የሚል ሐሳብ ሲይዝ፣ የጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። የአንድ ግስ ልዩነት አገሩን እስከ ዐድዋ ጦርነት ወሰደው።

የጊታር ገበያ ጦርነት አያስነሳም። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፤ “ይመሳሰላል” ማለት “ያው ነው” ማለት አይደለም፣ ልዩነቱም ዘወትር የሚደበቀው ሰው ገልጦ በማያየው ቦታ ነው። በጊታር ይህ ቦታ የአንገቱ ተረከዝ፣ የፒክአፑ ጀርባና ከቁልፎቹ ሥር ነው። አንገቱን ፈትቶ ለማሳየት እምቢ የሚል ሻጭ ካለ ዋጋው ያንን እምቢታ ጨምሮ መተመን አለበት።

ታሪክም ዕቃ ሆኖ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው ኢትዮፒክስ የተሰኘ ተከታታይ እትም የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን የአዲስ አበባ ሙዚቃ ለዓለም ካስተዋወቀ ወዲህ፣ የዋሊያስ፣ የአይቤክስና የሮሃ ባንዶች ስም በውጭ አገር ሸማች ዘንድ ክብደት አግኝቷል። በዋሊያስ መላከ ገብሬ፣ በአይቤክስና በሮሃ ጆቫኒ ሪኮ የተጫወቱት ቤዝ የብዙ ዘፈኖች መሠረት ነው። ከዚህ የተነሳ “ይህ ጊታር የዚያ ባንድ ነበር” የሚል ወሬ ዋጋ ለመጨመር ያመቻል። ወሬው እውነት ሊሆን ይችላል። ፎቶግራፍ፣ የግዢ ደረሰኝ ወይም የባለቤቱ ጽሑፍ ካልተያያዘበት ግን አንድ ብር ሊጨመርበት አይገባም።

ለሥራ ወይስ ለማስቀመጥ?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ጃዝን የሚደግፉ ወገኖች ሚዛን የሚደፋ ክርክር አላቸው። ቀጭኑ አንገት ለትንሽ እጅ ይመቻል፤ ሁለቱ ፒክአፖች የተለያየ ቅላጼ ይሰጣሉ፤ የኋለኛው ፒክአፕ ድምፁን ስለሚያጠራ ያንን የአምባሰል ግማሽ ድምፅ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ጉርምርምታውም ሁለቱን እኩል በመክፈት ይወገዳል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ለተቀመጠ ተጫዋች ጃዝ ብልጫ አለው ቢባል የሚከራከር አይገኝም።

ሰርግ ድንኳን ውስጥ ግን ሁኔታው ይለያል። መብራቱ ከጄኔሬተር ይመጣል፣ የመሬት ሽቦው አስተማማኝ አይደለም፣ የድምፅ ማጉያውና የመብራቱ ገመድ ተጠላልፈው ይተኛሉ። ጃዝ ተጫዋቹ ያንን ጥርት ያለ ድምፅ ለማግኘት የኋለኛውን ፒክአፕ ለብቻው በከፈተ ቁጥር ጉርምርምታው አብሮ ይገባል። ማለትም ጃዝ የሚወደድበት ብልጫ በዚያ ስፍራ የማይሠራ ብልጫ ነው። ፕሪሲሽን በአንድ ፒክአፕ፣ በሁለት ቁልፍ፣ ያለ ጉርምርምታ መሐል ድምፁን ይዞ ይቀመጣል። ከሰብሳቢ ገበያ አንጻር ተመሳሳይ ዘመን ካለው ጃዝ በአብዛኛው ረከስ ይላል። ለሚሠራ ሰው የተሻለው በርካሹ በኩል መገኘቱ በገበያ ብዙ ጊዜ የማይገጥም ዕድል ነው።

እንዲያውም ለሚሠራ ሰው ዕድሜው ራሱ መስፈርት መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1982 የተቋቋመው የጃፓን ፌንደር የጥንቶቹን ሞዴሎች መልሶ መሥራት የጀመረው በድርጅቱ ፈቃድ ነው። ከእነዚህ የ1980ዎቹ ሥራዎች ብዙዎቹ ከዘመነኞቻቸው አሜሪካውያን የማያንስ አሠራር እንዳላቸው ተጫዋቾች ይመሰክራሉ፤ ዋጋቸው ግን ከ1960ዎቹ አሜሪካን ሥራ ጋር አይወዳደርም። አራትና አምስት ሆነው ዕቁብ ጥለው መሣሪያ ለሚገዙ የሐይቅ ወጣቶች፣ ከአሮጌው ስም ጋር የሚመጣው ትርፍ ዋጋ ድምፅ ማጉያ፣ ጥሩ ገመድና መለዋወጫ ክር ይገዛላቸዋል። ታዳሚው የሚሰማው እነዚህን ነው።

የማስቀመጡ ነገርስ? እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ባለ ገንዘብ ሊያስብበት ይገባል። አሮጌ ጃዝ በዶላር ይተመናል፤ ብር ሲወርድ ዋጋው በብር ይወጣል፤ ስለዚህ መጠባበቂያ ነው ይባላል። ሆኖም መጠባበቂያ የሚባለው ሲያስፈልግ የሚሸጥ ነገር ነው። አገር ውስጥ ለባለ ድርብ ቁልፍ ጃዝ በአሥር ሺዎች ዶላር የሚያህል ብር ቆጥሮ የሚሰጥ ገዢ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ዕውነተኛነቱን መርምሮ ለባንክ ወይም ለኢንሹራንስ የሚቀርብ ሰነድ የሚሰጥ ገማች ማግኘትም አስቸጋሪ ነው። መውጫው የውጭ ገበያ ብቻ ይሆናል።

የውጭው በርም ቢሆን እንደ ተገመተው ክፍት አይደለም። ከ1959 ጀምሮ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት የፌንደር አንገቶች ፊታቸው የተለበደው ብዙውን ጊዜ በብራዚል ሮዝውድ እንጨት ነው። ይህ ዛፍ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ሳይተስ በተሰኘው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት ጥብቅ ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቷል። ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር አሻግሮ መሸጥ ዕቃውን ሊያስወርስ ይችላል። በ2019 ለተጠናቀቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች የተሰጠው ነፃነት ሌሎቹን የሮዝውድ ዓይነቶች እንጂ የብራዚሉን አይመለከትም። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፤ እጅግ ውድ የሆኑት ዓመታት ለመሸጥ እጅግ አስቸጋሪ ወረቀት የሚጠይቁት ናቸው። ይህንን ሳያውቅ ገንዘቡን ያሰረ ሰው “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” ከሚባለው ወገን ነው።

የስፍራው ጉዳይም አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎን ሲያዳርስ ነዋሪው ሊይዝ የቻለውን ብቻ ይዞ ነው የወጣው። በአንድ ዕቃ ላይ ብዙ ገንዘብ ማሰር የሚያስከትለውን አደጋ ከዚያ አካባቢ ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። ርካሽ መሣሪያ ቢጠፋ ይተካል፤ የቤተሰብ ጥሪት የገባበት ግን አብሮት ጥሪቱን ይወስዳል።

ምን ይደረግ?

መፍትሔው መሣሪያውን መሸሽ አይደለም። ገበያው ሁለት ገበያ መሆኑን መቀበል ነው። ለሥራ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለቀናነቱ፣ ለዝምታውና ለጥንካሬው ይሁን፤ ቀለሙ ቢነካ፣ ቁልፉ ቢለወጥ አይጨነቅ፣ እንዲያውም “ቀለሙ ተቀብቷል” የሚለውን ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቀምበት። በሰብሳቢ ዘንድ ግማሽ ዋጋውን ያጣ ጊታር በአምባሰል ቅኝት ላይ አንድም ድምፅ አያጎድልም። ለማስቀመጥ የሚገዛ ደግሞ በተቃራኒው ያልተነካውን፣ ወረቀት ያለውንና የእንጨቱ ዓይነት የታወቀውን ብቻ ይያዝ፤ ያንን ካላገኘ ገንዘቡን ሌላ ቦታ ያውል።

ደላሎችም ከዚህ ያተርፋሉ። ለእያንዳንዱ አሮጌ መሣሪያ አንድ ገጽ ጽሑፍ ቢያዘጋጁ ይበቃል፤ ዘሩ ፕሪሲሽን ነው ወይስ ጃዝ፣ በአንገቱ ተረከዝና በቁልፎቹ ሥር የተገኘው ቀን፣ የተለወጡት ክፍሎች፣ ቀለሙ የመጀመሪያው መሆን አለመሆኑ፣ የአንገቱ እንጨት፣ ከተፈታው መሣሪያ ፎቶግራፍ ጋር። ሻጭም ገዢም ይፈርሙበት። ወጪው የአንድ ጠመንጃ መፍቻና የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት የያዘ መሣሪያ ሁለተኛ ሲሸጥ ዋጋው አይወርድም፤ ክርክርም አያስነሳም።

“ከመጠምጠም መማር ይቅደም” የሚለው አባባል ለዚህ ገበያ ልኩ ነው። የአዲስ አበባው ባለ ገንዘብ ቢሳሳት አንድ ክፍያ ያጣል። የሐይቁ ባንድ ቢሳሳት ግን የሚያጣው የአንድ ዓመት ዕቁብና የጥር ወር ሥራውን ነው። በዚህ ገበያ መሐል የሚቆም ደላላ ኮሚሽኑን ከመቁጠሩ በፊት ከሁለቱ የትኛው ሰው ፊቱ እንደ ቆመ ይለይ።